ስልኬን ዝም ያሰኘሁ ሰሞን

ሰኞ

በቃኝ። ዛሬ ሁሉንም ዝም አሰኘኋቸው።

አንድ ጨርቅ ለክቼ ሳልቆርጥ ስልኬ ሃያ ጊዜ ይጮሃል። መቀሱን አስቀምጬ አያለሁ፤ ምንም የለም። መቀሱን አነሳለሁ፤ ይጮሃል። እስኪ ልዘርዝራቸው፦ የእድሩ ግሩፕ፣ የማርያም ማኅበር ግሩፕ፣ ጅዳ አብረን የሠራን ሴቶች ግሩፕ፣ ጫማ የሚሸጥ የማላውቀው ሰውዬ፣ «ዛሬ ብርድ ነው» እያለ የሚነግረኝ አፕ (ደብረ ታቦር ተወልዶ ላደገ ሰው!)፣ አንድ ቀን ብቻ ተጫውቼ የተውኩት ጨዋታ ደግሞ «ናፈቅሽኝ» ይለኛል። ባል የነበረኝ ጊዜ እንኳ እንዲህ ናፍቄው አላውቅም።

ከሁሉም የባሰው የእድሩ ነው። የተከፈተው ሰው ሲሞት ሊነገርበት ነበር። አሁን «እንዴት አደራችሁ» ይባልበታል፣ አበባ ይላክበታል፣ የዕለቱ ቅዱስ ሥዕል ይላክበታል፣ ከዚያ አሜን ሲባል ይዋላል። ዛሬ ጠዋት ብቻ ሠላሳ አንድ አሜን ቆጠርኩ።

ለጥር ሠርግ የስድስት ሚዜ ቀሚስ ተቀብያለሁ፤ ገና አንዱም አልተገጣጠመም። ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ ገባሁና ማሳወቂያዎች የሚለውን ከፍቼ አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ጫማ ሻጩን፣ ብርዱን፣ ናፋቂውን፣ ማኅበሩን፣ እድሩን። እጄ እየጣፈጠው ሄደ። መጨረሻ ላይ «አትረብሽ» የምትለዋን ነካሁና ጥሪውንም ጨመርኩበት። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከክሩ ጋር አስተኛሁት።

ጸጥታው እንዴት ደስ ይላል! የስፌት መኪናዬን ድምፅ ሰማሁ። ሙሉ፣ በሁለተኛው መኪና የምትሰፋው ባልደረባዬ፣ «ምነው ዛሬ ሰላም ሆንሽ?» አለችኝ። ሰው ሆንኩ አልኳት።

ማክሰኞ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሱቅ ገባሁ። ሁለት ቀሚስ ጨረስኩ፣ ሦስተኛው እጅጌ ብቻ ቀረው። በሕይወቴ እንዲህ ሠርቼ አላውቅም። ስልኬን አንድ ጊዜም አላየሁት፤ ያለ እሱም ፀሐይ ወጣች፣ ምሳ ተበላ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንዱን ቀሚስ ለበስኩና ባልደረባዬ ሙሉ ብርሃን ላይ እንድታየው በር ላይ ወጣሁ። ቀለሙ ደማቅ ብርቱካን ነው፣ ዓይን ይወጋል። ሙሉ ዘፈን ከፈተች፤ እኔም ዘርፋፋውን የታፋታ ቀሚስ እንደለበስኩ እስክስታ ወረድኩ። መንገደኛው ቆሞ አጨበጨበልኝ።

ያኔ ከገሳይ በኩል አንድ አውቶቡስ መጣ። የሰፈራችን ሰዎች ሞልተውበታል፣ በመስኮት አየኋቸው። እጄን አውለበለብኩላቸው። አንድም ሰው አልመለሰልኝም። የት ውለው ይሆን? የደከማቸው ይመስላሉ።

ረቡዕ

ምነው እጄ በተቆረጠ!

ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወጣ ጎረቤቴ አሰለፈች አየችኝና «ምነው፣ ጤና አጣሽ?» አለች። ደህና ነኝ አልኳት። ታዲያ ትናንት ቀብር ለምን ቀረሽ አለችኝ። የማን ቀብር አልኳት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሁለተኛ ከአፌ አይውጣ።

የእትየ ስመኝ ወንድም፣ አያ ደምሴ፣ ሰኞ ከሰዓት ገሳይ አርፈዋል። ስልኬን አወጣሁት። ዜናው በሠላሳ አሜን መካከል ቁጭ ብሏል፦ አውቶቡስ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ይነሣል፣ ማንም እንዳይቀር። ሰባት ጊዜ ደግሞ ተደውሎልኛል። አሰለፈች ብቻዋን አራት ጊዜ።

አያ ደምሴ ዘጠናን አልፈዋል። ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ልጅ አይተው፣ ጠላቸውን ጠጥተው፣ ተኝተው በዚያው ነው ያሸለቡት። ለእሳቸው ሞት እንዲህ ጨጓራዬ አይቃጠልም። የሚያቃጥለኝ የእትየ ስመኝ ነገር ነው።

እኔ ጅዳ እያለሁ እናቴ ሞተች። እትየ ስመኝ ማንም በስልክ እንዳይነግረኝ ከለከሉ። ልጄ ሰው ቤት ውስጥ ብቻዋን መርዶ አትሰማም አሉ። ሰው በሰው ፈልገው፣ በአንድ የጋይንት ልጅ በኩል፣ አራት ሐበሻ ሴቶች የእረፍት ቀኔን ጠብቀው፣ መሐላቸው አስቀምጠው ነገሩኝ። አቅፈውኝ አለቀስኩ። እዚህ ደግሞ ለቀስተኛ ሲመጣ በእኔ ቦታ የተቀመጡት፣ በእኔ ፈንታ ደረታቸውን የመቱት እትየ ስመኝ ናቸው። በሥጋ አንዛመድም። ጎረቤት ነን።

እንግዲህ እኚህ ሴት ወንድማቸውን ቀብረው ሲመለሱ እኔ በብርቱካን ቀሚስ እስክስታ እወርዳለሁ። እጄንም አውለብልቤያለሁ። እጄን!

ሐሙስ

ዛሬ ሠልስቱ ነበር። ጥቁር ለብሼ፣ ዳቦና ድንች ወጥ ይዤ ሄድኩ። መንገድ ላይ የምናገረውን ስለማመድ ነበር፤ እውነቱን ልናገር ቆርጫለሁ። ድንኳኑ ደጃፍ ስደርስ ሴቶቹ ሁሉ ቀና አሉ። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ።

እትየ ስመኝ ፊት ጎንበስ ብዬ «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ አሞኝ ነው የቀረሁት» አልኩ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ስዘል አይቶኛል። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እትየ ስመኝ ረጋ ብለው «እግዚአብሔር ይማርሽ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞር ብለው ለቤተ ዘመዶቻቸው፦

«ለእንግዳዋ ወንበር ስጧት።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እዚያ ቤት ወንበር ተሰጥቶኝ አያውቅም። ሐዘን ሆነ ድግስ እኔ ቀጥታ ማጀት ነው የምገባው፤ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ሰሃን አጥባለሁ፣ እታዘዛለሁ፣ እቆጣለሁ። ዛሬ ድንኳኑ መሐል ላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሌሎች ሲላላኩ እያየሁ፣ ንፍሮ በሰሃን ቀረበልኝ።

ዓርብ

አልቅሼ ጠገብኩ፣ አሁን ወደ ሥራ። ጥፋቱ ከስልኩ ከመጣ ስልኩን ማስተካከል ነው።

የተማርኩትን ልጻፍ፦ ሁሉን መዝጋት አያስፈልግም ለካ። እያንዳንዱን ለየብቻው ማዘዝ ይቻላል። ጨዋታውና ጫማ ሻጩ ለዘላለም ዝም። የጅዳ ልጆች ያለ ድምፅ ይግቡ፣ ምሳ ሰዓት አያቸዋለሁ። ማኅበሩ አንድ ጊዜ ንዝር ይበል። የእድሩ ግን እንዲያመልጠኝ አልፈልግም፣ የራሱ ድምፅ ይኑረው። ስልኩ ድምፆቹን ደረደረልኝ፦ የውሃ ጠብታ፣ ወፍ፣ ደወል፣ የሚያንቋርር እንቁራሪት የመሰለ ነገር። እስቲ አሁን ሞት በእንቁራሪት ይነገራል?

ሞት በጡሩንባ ነው የሚነገረው። ጋሽ ይርጋ ትዝ አሉኝ። እድሩ ግሩፕ ከመክፈቱ በፊት ሠላሳ ዓመት ጡሩንባ የነፉልን እሳቸው ናቸው። አሁን ጃንጥላ ይጠግናሉ። ሄጄ ጋሽ ይርጋ፣ ድምፅዎን ስልኬ ላይ ልቅዳ አልኳቸው። ካርቶን ውስጥ ገብተው ጡሩንባውን አወጡና በካፖርታቸው እጅጌ ወለወሉት። ፊታቸው በራ።

ከተማ ውስጥ ከተነፋ ሰፈሩ ይተራመሳል ብለን፣ ብልጦቹ፣ በባጃጅ ወደ ጋፋት ሄድን። ሜዳው ላይ ሰው አይታየንም። ጋሽ ይርጋ ካፖርታቸውን ቆለፉ። የማንን ስም ልጥራ አሉኝ። የማንንም አይጥሩ አልኩ፤ በሕይወት ያለ ሰው ስም በጡሩንባ አይጠራም። እውነትሽን ነው አሉና ነፉ። እንዴት ያለ ትንፋሽ ነው! ሦስቴ ነፉ፣ እኔም ቀዳሁ።

ስም ሳይጠራ የተነፋ ጡሩንባ ደግሞ የሁሉም ሰው መርዶ ነው። ይህን ሁለታችንም አላሰብንም። ከወደ ላይ ገብስ የሚያጭዱ ወንዶች ማጭዳቸውን እንደያዙ ይሮጣሉ። ከታች ሌሎች መጡ። አንዲት እናት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው «ወየው! ወየው ወንድሜን!» እያሉ ገና ከሩቅ ጀምረዋል። ከበቡን። ማን ነው? ማን ነው?

ጋሽ ይርጋ ጡሩንባውን ብብታቸው ውስጥ አስገቡና በሙሉ ክብር «ማንም አልሞተም፣ ለስልክ ነው» አሉ።

አንድ ሽማግሌ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ ሰቅለው ጥቂት አሰቡ። «ስልኩ ነው የሞተው?»

ሳቅ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ መያዝ አልቻልኩም። ከዚያ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው፣ መጨረሻ ላይ ሜዳው ሁሉ ሳቀ። ያለቀሱት እናት ብቻ እንባዬን መልሱልኝ ብለው ተቆጡ። ስላስደነገጣችሁን ትቀጣላችሁ ተባልን። ቅጣታችን ገብስ መሰብሰብ ሆነ። ጋሽ ይርጋ በሰባ ዓመታቸው ነዶ ተሸከሙ፣ እኔ ታቀፍኩ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከእነሱ ጋር ዋልን፤ ከዚያ ጠላ ቀረበ። ያለቀሱት እናት በእጃቸው አጎረሱኝና እቅፍ አድርገው ሸኙኝ። ልብሴ ገለባ በገለባ ሆኗል።

ቅዳሜ

የቀዳሁትን ሰማሁት። ጡሩንባው ግሩም ነው፣ ከኋላው ግን ውሻ ይጮሃል፣ «ማን ነው?» የሚለውም ገብቷል። ውሻውን ቆርጬ ጣልኩትና ለእድሩ ግሩፕ ሰጠሁት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል እኔን ነው። ሦስት ሰዓት ላይ የሙሽራዋ እናት የልጃቸውን ቀሚስ ሊያዩ መጡ። ነጩን ጨርቅ ዘርግቼ ጥልፉ እዚህ ጋ ይወርዳል እያልኳቸው፣ መሳቢያው ውስጥ ጡሩንባ ተነፋ። ሴትዮዋ አማተቡ። ሮጬ አየሁ፦ «እንዴት አደራችሁ»። ገና ስልኩን ሳላስቀምጥ አሜን። ጡሩንባ። አሜን። ጡሩንባ። አበባ። ጡሩንባ።

«በልጄ ሠርግ ልብስ ላይ?» ብለው ነጠላቸውን አነሱ። ሙሉ በር ላይ ተገትራ ባትለምንልኝ ሥራውን ይዘው ሄደው ነበር። ድምፁን አጥፍቼ፣ ስልኩንም ራሱን አጥፍቼ፣ በማርያም ስም አስቀመጥኳቸው። ነገሩን ከነገርኳቸው በኋላ ግን ሳቁ። ሌላ ሰው ሁሉ ይስቃል።

አሁን ገባኝ። ድምፁ አይደለም ጥፋቱ። ሰላምታና መርዶ በአንድ በር ከገቡ ሰው ወይ ሁለቱንም ይሰማል፣ ወይ ሁለቱንም ይዘጋል። እኔ ሁለቱንም ዘጋሁ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ስብሰባ ነበር። እኔ በስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ እጄን አወጣሁ።

ሞት ብቻ የሚነገርበት ሌላ ግሩፕ ይከፈት፣ እዚያ ላይ አንድ ሰው ብቻ ይናገር፣ ሰላምታው በፊተኛው ይቀጥል አልኩ። ሰብሳቢው አሁን ያለው ምን ይጎድለዋል ብለው ጠየቁኝ። ሰው… ሰው ሊዘጋው ይችላል አልኩ። እስኪ የዘጋችሁ እጅ አውጡ አሉ እየሳቁ። መጀመሪያ ማንም አላወጣም። ቀስ ብላ አሰለፈች አወጣች! ለካ እሷም የሰማችው ከባሏ ነው። ከዚያ አንድ ዲያቆን። ከዚያ አንዱ መምህር። አሥራ አንድ እጅ ቆጠርኩ። የሰብሳቢው ሚስት ባላቸውን በክርናቸው ጎሰሙ፤ አሥራ ሁለት።

ግሩፑ እዚያው ተከፈተ። ማን ይናገርበት ሲባል ሁሉም ወደ ጋሽ ይርጋ ዞረ። እሳቸው መጻፍ አይወዱም፣ በድምፅ ይላክ ተባለ፤ መጀመሪያ ጡሩንባ፣ ቀጥሎ ስም፣ ቀጥሎ የቀብሩ ቦታ። ቁልፏን ተጭነው እንዲይዙ አሳየኋቸው። ለሙከራ ሲቀዱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ነው። ተቀምጦ አይነገርም አሉኝ። አሮጊቶቹ እልል አሉላቸው።

ከጋሽ ይርጋ ጋር ወደ ቤት ስንመለስ ግን ፈገግታዬን አወረዱብኝ። እትየ ስመኝ ጠርተዋቸው ኖሯል። ልጅቷን ጡሩንባ ለማስነፋት ጋፋት ድረስ ምን ወሰዳት ብለው ጠየቋቸው። ጋሽ ይርጋ አላውቅም ብለው ወጡ።

«ለአንቺ ብዬ አንድ ጊዜ ዋሸሁ» አሉኝ። «ሁለተኛ አልዋሽም። ከሌላ ሰው አፍ ሳይሰሙት ሂጂ።»

ሰኞ

ሄድኩ። ሱቅ አልከፈትኩም፤ ከከፈትኩ እቀራለሁ።

ብቻቸውን ነበሩ። መደቡ ላይ ተቀምጠው መከዳ ተደግፈዋል፤ ልጃቸው ከባሕር ዳር የላከችላቸው ስልክ አጠገባቸው በየደቂቃው ይጮሃል። ቁጭ በይ ሳይሉኝ ተናገርኩ፤ ከተቀመጥኩ እንደ ሐሙሱ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

«እትየ፣ አላመመኝም ነበር። ስልኬን ዘግቼው ነው። እድሩንም፣ ሁላችሁንም ዘግቼ ነው። ያን ቀሚስ ለብሼ ስዘል የነበርኩትም እኔ ነኝ።»

«አንቺ መሆንሽንማ አይቻለሁ። ዓይኔ ገና ነው» አሉ።

መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። እሳቸው ግን ቀጠሉ። አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም አቀርቅሮ ሳለ እኔ እጄን ሳወዛውዝ በመስኮት አይተው፣ ደምሴ ይህችን ቢያይ ኖሮ ሦስት ቀን ይስቅ ነበር ብለው አስበዋል። ወንድማቸው ለቅሶ ላይ ሳቅ የሚያስነሱ ሰው ነበሩ አሉኝ። እጃቸውን አንሥተው ልክ እንደ እኔ አወዛወዙት፣ ከንፈራቸው ሊስቅ ፈለገ። ከዚያ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ወረደ።

«ያስከፋኝ ያ አይደለም። አሞኝ ነበር ያልሽኝ ነው። ለባዳ ነው እንዲህ የሚባለው። ለእኔ ግን ‹እትየ፣ ጠፋሁ፣ አጠፋሁ› አይባልም?»

ያኔ አለቀስኩ፤ ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ፣ ለአያ ደምሴ፣ ለእናቴ፣ ለራሴ፣ ሁሉንም ባንድ ላይ። እሳቸውም አለቀሱ። ፀጉሬን ደባበሱኝና በይ ተነሺ፣ ገለባ አለብሽ አሉኝ። ከዓርብ ወዲህ ስታጠብ ከርሜያለሁ፣ አሁንም አለ።

ስልካቸው ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። እንደ ዝንብ አባረሩት። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ነፍስ ይማር የሚል መልእክት ከየአገሩ ሲጎርፍ ነው የሰነበተው፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ግን እትየ ዳዊት ልድገም ብለው ሲቀመጡ እንኳ አላስቆም አላስቀምጥ ብሏቸዋል።

«ይልቅ ይህን ነገር እንዳንቺው አድርጊልኝ» አሉ።

ሁሉንም እንዳልዘጋ አሁን ተምሬያለሁ። ሁሉም ዝም ይላል፣ የሚገቡትን ግን እርስዎ ይምረጡ አልኳቸው፤ የእነሱ ብቻ ይጮሃል። በደንብ አሰቡበት፤ በጣታቸው ቆጠሩ። አንደኛ ልጃቸው። ሁለተኛ የነፍስ አባታቸው። ሦስተኛ የይርጋ መርዶ፣ ሰው ሳይቀብሩ እንዳይቀሩ። ከዚያ ቀለበት ጣታቸውን ያዙ።

«አራተኛ ገነትን አስገቢ።»

ድንግጥ አልኩና ገነት ማን ብዬ ጠየቅኩ። የቄስ አባተ ሚስትም ገነት ናቸው፣ የዳቦ ቤቷም ልጅ ገነት ናት።

እትየ ስመኝ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ከአንቺ ሌላ ገነት አለችኝ?»

ስሜን በገዛ እጄ ዝርዝራቸው ውስጥ ሳስገባ ጣቴ ሁለቴ ሳተ። ዘጋሁት። ስልኩ ዝም አለ፣ ቤቱም ዝም አለ። አምስተኛ የለም ወይ ብላቸው አራት ይበቃል አሉኝ።

ማታ ቤቴ ስገባ «በሰላም ገብቻለሁ» ብዬ ጻፍኩላቸው። ያን ሁሉ ደቂቅ ፊደል ያለ መነጽር እንደማያነቡ የታወሰኝ ከላክሁት በኋላ ነው። ሳልቀመጥ ደወሉልኝ።

«ጮኸ» አሉ። «ምን እንደሚል አላየሁትም። ገባሽ አይደል?»